ማን ማንን ይጠብቃል? ከሙዚቃ ጋር ለሚሄድ ቪዲዮ ሶፍትዌር ስለመምረጥ

ከባንድ ጋር ቪዲዮ መጫወት የሚፈልግ ሰው ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ፕሮግራሞቹ ብዙ ናቸው። ገንዘብ ይወጣባቸዋል፤ ከገንዘቡም በላይ ጊዜ ይበላሉ። አንዱን ፕሮግራም እጅ እስኪለምደው ወራት ይሄዳሉ። መሃል ላይ ትቶ ሌላ መጀመር ደግሞ ያደክማል።

እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት መልሼ የምጠይቀው ነገር አለ። መድረኩ ላይ ማን ማንን ነው የሚጠብቀው? ሙዚቀኞቹ ቪዲዮውን ይጠብቃሉ ወይስ ቪዲዮው ሙዚቀኞቹን? ይህ ሳይመለስ የሶፍትዌር ስም መደርደር ትርፉ ድካም ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? የዚህ ነገር ሥሩ እሱ ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ታዳሚ ሆኜ የገባሁበት ኮንሰርት ነበር። ከባንዱ ጀርባ ትልቅ ስክሪን አለ። ለእያንዳንዱ ዘፈን ቪዲዮ ተዘጋጅቶለታል። ሥራው ያምራል፤ ብዙ እንደተለፋበት ያስታውቃል። አንዱ ዘፈን ላይ ሕዝቡ አዝማቹን ተቀብሎ መዝፈን ጀመረ። ዘፋኟ ማይኩን ወደ ሕዝቡ አዞረች። ድራመሩ ቀነስ አድርጎ ምቱን ብቻ ያዘ። አዳራሹ በሙሉ ይዘፍናል። ልክ እዚያ ላይ ስክሪኑ ጠቆረ። ትንሽ ቆይቶ የሚቀጥለው ዘፈን ምስል መጣ። ኪቦርዲስቱ ቀና ብሎ ስክሪኑን አየ፤ ወደ ዘፋኟ ዞረ፤ በዓይን ተነጋገሩ። አዝማቹን አንዴ ደግመው ዘጉት።

ቪዲዮው አልተበላሸም። ኮምፒውተሩም ሃንግ አላደረገም። ሁሉም ነገር እንደታዘዘው ሠርቷል። ለዚያ ባንድ ግን አይሆንም ነበር። እንደዚያ የሚጫወቱ ሰዎች የሚጠብቃቸው ቪዲዮ ያስፈልጋቸዋል።

ቪዲዮው የሚመራበት መድረክም አለ፤ እሱም የራሱ ክብር አለው። ሙዚቀኞቹ ጆሯቸው ውስጥ ክሊክ፣ ማለትም ምቱን የሚቆጥር ድምፅ፣ ይሰማሉ። ከኮምፒውተር የሚለቀቅ ትራክ አለ። ዘፈኑ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ እስከ ሰከንዱ ይታወቃል። መብራቱም፣ ምስሉም፣ ድምፁም አንድ ላይ መቆራረጥ አለባቸው። እንዲህ ከሆነ በእጅ መንካት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ታይምኮድ ነው። ታይምኮድ እንደማንኛውም ድምፅ በአንድ ትራክ ላይ የሚቀመጥ ምልክት ነው። ብትሰሙት ጆሮ የሚበላ ጩኸት ነው፤ ውስጡ ግን ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድና የፍሬም፣ ማለትም የእያንዳንዱ ነጠላ ምስል፣ ቁጥር አለ። ከሙዚቃው ኮምፒውተር በአንድ ኬብል ወደ ቪዲዮው ኮምፒውተር ይሄዳል። የቪዲዮው ሶፍትዌር ቁጥሩን እያነበበ ቦታው ላይ ይገኛል። በልምምድ ጊዜ «ከሁለተኛው አዝማች እንጀምር» ቢባል ቪዲዮውም ከሁለተኛው አዝማች ይጀምራል። የሳውንድ ባለሙያው ያንን ትራክ ወደ ስፒከር እንዳይለቀው ቀድሞ መንገር ብቻ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ሁለት ስሞች ይበቃሉ። ሪዞሉም አሬና ታይምኮድ ያነባል። ታናሽ ወንድሙ ሪዞሉም አቬኒው ግን አያነብም፤ ሰዎች ዋጋውን አይተው አቬኒውን ገዝተው በኋላ የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ኪውላብ ነው። ከቲያትር ቤት የመጣ ነው፤ የሚሠራው በማክ ላይ ብቻ ነው። ሁሉም ነገር በቅደም ተከተል ይደረደራል፤ አንድ ትልቅ ቁልፍ ይጫናል፤ የሚቀጥለው ይመጣል። ድንገተኛ ነገር የማይፈለግበት ቦታ ላይ እንደ ኪውላብ የሚያስተማምን ብዙ አላየሁም። ከዚህ በላይ እንዲህ አስቀድሞ ስለ ታሰረ መድረክ የምለው የለኝም። ሥራው የሚያልቀው ከመድረኩ በፊት ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ።

ባንዱ ያለ ክሊክ ይጫወታል። ሶሎው አንድ ቀን 8 ባር፣ ሌላ ቀን 32 ባር ይሆናል (ባር ምቶቹ በእኩል የሚቧደኑበት ክፍል ነው)። ዘፋኙ ልቡ ከነካው መግቢያውን ያረዝመዋል። እንዲህ ያለ መድረክ ላይ ቪዲዮ የያዘ ሰው የባንዱ አባል ነው። አንዱ በጊታር፣ አንዱ በድራም፣ እሱ በምስል ይጫወታል። ስለዚህ የሚመርጠውን ሶፍትዌር እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ነው ማየት ያለበት። ስንት ኢፌክት አለው ከማለቱ በፊት እጄ ላይ ምን ያህል ቶሎ ይመልሳል ብሎ ይጠይቅ።

ይህ ሐሳብ ከኮምፒውተር በጣም ይቀድማል። ሉዊ በርትራን ካስቴል የተባለ ፈረንሳዊ ካህን ቁልፉ ሲነካ ቀለም የሚያሳይ ኪቦርድ ይሠራ ብሎ ሐሳቡን ያወጣው በ1725 እ.ኤ.አ. ነው። ቶማስ ዊልፍሬድ በእጅ የሚጫወቱትን የብርሃን መሣሪያ፣ ክላቪሉክስን፣ በ1922 ለሕዝብ አሳየ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ ጆሹዋ ላይት ሾው የተባለው ቡድን ፊልሞር ኢስት በተባለው አዳራሽ ከስክሪኑ ጀርባ ቆሞ ይሠራ ነበር። ቀለም የገባበት ዘይትና ውሃ በመስታወት ሳህን ላይ እያንቀሳቀሱ በኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ይለቁታል። ታይምኮድ የላቸውም። ክሊክ የላቸውም። ባንዱን ይሰማሉ፤ ሳህኑን ያወዛውዛሉ። አዲስ ሶፍትዌር ስከፍት እነሱ ትዝ ይሉኛል። ይህ ፕሮግራም ሳህኑን የማወዛወዝ ያህል ይታዘዘኛል ወይ?

በዚህ በኩል ብዙ ሰው የሚያውቀው ሪዞሉም ነው። ክሊፖቹ፣ ማለትም አጫጭር ቪዲዮዎቹ፣ በሰንጠረዥ ይደረደራሉ። ወደ ጎን አምዶች፣ ወደ ላይ ንብርብሮች። አንዱን ስትነኩት ይጫወታል፤ ሌላ ንብርብር ላይ ሌላ ስትነኩ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። በዊንዶውስም በማክም ይሠራል። ለመጀመር በጣም ቀላል ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የሚታይ ነገር ማውጣት ይቻላል። ማክ ላላቸው ቪዲኤምኤክስም አለ። እሱ ሲከፈት ባዶ ሊመስል ይችላል። የራሳችሁን መሣሪያ ራሳችሁ ነው የምትገጣጥሙት። ትዕግሥት ላለው ሰው በጣም ይመቻል፤ ምክንያቱም ስክሪኑ ላይ የማትፈልጉት አንድም ቁልፍ አይኖርም። ኦቢኤስ ነፃ ስለሆነ በእሱ የሚጀምሩ አሉ። ኦቢኤስ የተሠራው ለላይቭ ስርጭትና ለመቅረጽ ነው። ጥቂት ምስሎችን ቀስ ብሎ ለመቀያየር ይበቃል። ምት ለመከተል ግን አልተሠራም።

ምት ስል፣ ጨዋታው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ልቆይበት።

ሶፍትዌሩ ምቱን የሚያውቅባቸው መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የሚዲ ክሎክ ነው። ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት፣ በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣ ቋንቋ ነው፤ እስከ ዛሬ አላረጀም። ክሎኩ በአንድ ምት ውስጥ 24 ጊዜ ይመታል። ሙዚቃው በደቂቃ 120 ምት ከሆነ አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ክሎኩ በየ21 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይደርሳል ማለት ነው። ሁለተኛው በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤብልተን ሊንክ ነው። አንድ ኔትወርክ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን ባሩ የት ላይ እንዳለም ይጋራሉ። ማን አለቃ ነው የሚባል ነገር የለም፤ የሚገባው ይገባል፣ የሚወጣው ይወጣል። ሪዞሉምም ቪዲኤምኤክስም ይቀበሉታል። ሙዚቃው ከኮምፒውተር የሚወጣ ከሆነ ሊንክን ምረጡ፤ በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ድራመሩ ሰው ከሆነና ክሊክ ከሌለውስ? ያኔ ሁለቱም አይጠቅሙም። የሚቀረው ጣት ነው። አንድ ቁልፍ ላይ ምቱን ትመታላችሁ፤ ሶፍትዌሩ ፍጥነቱን ያሰላል። ከዚያ ሌላ ቁልፍ አለ፤ «አንድ እዚህ ጋ ነው» የሚል። የባሩ መጀመሪያ ላይ ስትጫኑት ሁሉም ክሊፕ ወደዚያ ይሰበሰባል። እኔ ለዚህ ሁለተኛ ቁልፍ ትልቅ ቦታ እሰጣለሁ። ሰው የሚመታው ድራም ትንፋሽ አለው። አዝማቹ ላይ ይፈጥናል፤ ከአዝማቹ ሲወጣ ይረጋጋል። ፍጥነቱን በየጊዜው ማስተካከል አይቻልም። በየ8 ባሩ ግን «አንድ እዚህ ነው» ብሎ መንካት ይቻላል። ያ ቁልፍ ከማውስ ውጭ፣ በፍጥነት በሚደረስ ቦታ የማይቀመጥበት ሶፍትዌር ከሆነ ለእኔ አይሆንም።

ሌላም አለ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ከመድረኩ 30 ሜትር ርቃችሁ ከሳውንድ ባለሙያው አጠገብ ከተቀመጣችሁ የድራሙ ድምፅ እናንተ ጋ ለመድረስ ወደ 87 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ቀላል አይደለም። በ120 ምት ሙዚቃ ውስጥ የአንዱ ምት ሩብ 125 ሚሊሰከንድ ነው። ያንን ሰምታችሁ ስትመቱ ጣታችሁ ዘግይቷል። በዚያ ላይ ደግሞ ሶፍትዌሩ ጥቂት ፍሬም ይዘገያል፤ ፕሮጀክተሩም ወይም ኤልኢዲ ስክሪኑም የራሱን ይጨምራል። ስለዚህ ከሚክሰሩ በኬብል የሚመጣ ድምፅ በሄድፎን ስሙ። ድራመሩን በዓይን ማየት ከቻላችሁ ደግሞ እጁን እዩ። ዱላው ሲነሳ ምቱ ይታወቃል።

ታዳሚውስ? ከፊት የቆመው ድምፁን ወዲያው ይሰማል። ከኋላ የቆመው ዘግይቶ ይሰማል፤ ምስሉን ግን ሁለቱም እኩል ያያሉ። ሁለቱን ማስደሰት አይቻልም። እኔ ለመሃሉ ነው የማስተካክለው። ጥቂት መዘግየት ከኋላ ላሉት እንዲያውም ይጠቅማቸዋል። ዋናው ነገር ሶፍትዌሩ መዘግየቱን በእጅ የማስተካከል ዕድል መስጠቱ ነው። ስትገዙ ይህን ፈልጉ።

ስለ ፋይሎቹ ደግሞ ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። ሶፍትዌሩ ጥሩ ሆኖ ቪዲዮው የሚንተፋተፈው ብዙ ጊዜ በፋይሉ ምክንያት ነው። ከካሜራ ወይም ከስልክ የሚወጣው ቪዲዮ ብዙውን ጊዜ ኤች.264 በሚባል አሠራር የተጨመቀ ነው። ይህ አሠራር እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ አድርጎ አያስቀምጥም። አንድ ሙሉ ምስል ያስቀምጥና ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ይጽፋል። ተቀምጦ ፊልም ለማየት ግሩም ነው። መድረክ ላይ ግን ክሊፑን ከመሃል ትጀምራላችሁ፤ ወደ ኋላ ታጫውታላችሁ፤ በምት ትቆራርጣላችሁ። ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ ዝላይ ወደ ቀረበው ሙሉ ምስል ተመልሶ ከዚያ ማስላት አለበት። አንድ ንብርብር ላይ ይችለዋል። አራት ንብርብር ላይ ይደክመዋል።

ለመድረክ የተሠሩት የቪዲዮ አሠራሮች ሃፕ እና ዲኤክስቪ ናቸው። ሃፕ ከቪዲኤምኤክስ ሠሪዎች ቤት የመጣ ክፍት አሠራር ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞች ያጫውቱታል። ዲኤክስቪ የሪዞሉም ነው። ሁለቱም እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ያስቀምጣሉ፤ የመፍታቱን ሥራ ደግሞ ለግራፊክስ ካርዱ ይሰጡታል። ዋጋው የፋይሉ መጠን ነው። ባለ 1920 በ1080 ፒክሰል አንድ የሃፕ ፍሬም እስከ 1 ሜጋባይት ይደርሳል። በሰከንድ 30 ፍሬም ከሆነ በሰከንድ ወደ 31 ሜጋባይት ማለት ነው። አራት ንብርብር ሲሆን ከ120 በላይ። የድሮ ተሽከርካሪ ዲስክ ይህን አይችልም፤ ኤስኤስዲ ያስፈልጋል። መቀየሪያው ግን ችግር የለበትም፤ ሪዞሉም አሊ የተባለ ነፃ መቀየሪያ አለው። ክሊፖቹን ሁሉ ቀድሞ መቀየር አሰልቺ ነው፤ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሦስተኛ ዓይነት መድረክ አለ። ማንም ማንን የማይጠብቅበት። ምስሉ ከድምፁ ራሱ ይወለዳል። ክሊፕ የለም፤ ቅድሚያ የተቀረጸ ነገር የለም። ድምፁ ይገባል፤ ፕሮግራሙ በድግግሞሽ ይከፋፍለዋል፤ ወፍራሙ አንድ ነገር ያንቀሳቅሳል፣ ቀጭኑ ሌላ።

እዚህ ጋ ብዙ የሚወራለት ተችዲዛይነር ነው። የሚሠራው ቶሮንቶ የሚገኘው ደሪቬቲቭ ነው፤ ዘሩ ሁዲኒ ከተባለው የፊልም ኢፌክት ሶፍትዌር ይመዘዛል። ትናንሽ ሣጥኖችን በሽቦ እያገናኛችሁ ነው የምትሠሩት። ገቢ ለማይገኝበት ሥራ የሚሆን ነፃ ስሪት አለው፤ የምስሉ መጠን ግን ከ1280 በ1280 ፒክሰል አይበልጥም። ለመማር ይበቃል። ማክስ ደግሞ ከሙዚቃው ዓለም የመጣ ነው፤ ጂተር የተባለው ክፍሉ ቪዲዮ ይሠራል። ሙዚቀኛ ከሆናችሁና ማክስን ለድምፅ የምታውቁ ከሆነ ሌላ ቦታ አትሂዱ። አይዛዶራ ከዳንስ መድረክ የተወለደ ነው፤ ካሜራና ሴንሰር ለሚጠቀም ትርኢት ይመቻል። ሃይድራ የኦሊቪያ ጃክ ሥራ ነው፤ ነፃ ነው፤ ብራውዘር ውስጥ ይሠራል። ኮድ ትጽፋላችሁ፤ ምስሉ ወዲያው ይለወጣል። ምንም ሳይገዛ ይህን ዓለም መቅመስ የሚፈልግ ሰው ዛሬውኑ ሃይድራን ይክፈት።

በዚህ መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ብዙ ሰው ባሱን ከአንድ ክብ መጠን ጋር ያገናኝና ይበቃኛል ይላል። ባሱ ሲመታ ክቡ ያብጣል። ለመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ደስ ይላል። ከዚያ ዓይን ይለምደዋል፤ ጆሮ የሰማውን ዓይን ደግሞ መልሶ ይነግረናል፤ ምንም አይጨምርም። ሙዚቃ ውስጥ ቀስ ብለው የሚለወጡ ነገሮች አሉ። ጠቅላላ ድምፁ ባለፉት 20 ሰከንዶች እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? ቀጭኖቹ ድምፆች መቼ ገቡ? እነዚህን ከቀለም፣ ከርቀት፣ ከእንቅስቃሴ ፍጥነት ጋር ስታገናኙ ምስሉ ዘፈኑን አብሮ መኖር ይጀምራል። ሌላው ደግሞ የድምፁ ምንጭ ነው። በላፕቶፑ ማይክ አዳራሹን ከሰማችሁ ጭብጨባውም ፉጨቱም ይገባል። የሳውንድ ባለሙያውን የባስ ድራሙን ቻናል ለብቻ እንዲሰጣችሁ ለምኑት። በትሕትና ከተጠየቀ እምቢ የሚል ብዙም አላጋጠመኝም።

አንድ ሶፍትዌር ብቻ መሆን አለበት ወይ? የለበትም። በማክ ላይ ሲፎን፣ በዊንዶውስ ላይ ስፓውት የሚባሉ ድልድዮች አሉ። የአንዱ ፕሮግራም ምስል በግራፊክስ ካርዱ ውስጥ በቀጥታ ለሌላው ይተላለፋል። ኮምፒውተሮቹ ሁለት ከሆኑ ኤንዲአይ በኔትወርክ ያሻግረዋል፤ ጥቂት መዘግየት ይጨምራል። በተችዲዛይነር የሠራችሁትን ወደ ሪዞሉም አስገብታችሁ በእጅ መቆጣጠር ትችላላችሁ። ምስሉ ጠፍጣፋ ባልሆነ ነገር ላይ፣ በሣጥኖች ወይም በግድግዳ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ማድማፐር ለዚያ የተሠራ ነው፤ አሬናም ይችላል። ግን እያንዳንዱ ድልድይ ሊሰበር የሚችል አንድ ተጨማሪ ቦታ ነው። እኔ ሁለት ፕሮግራም ካለፈ መጨነቅ እጀምራለሁ።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ ያላችሁን ያዙ። ቪዲኤምኤክስ፣ ኪውላብና ሞጁል8 የተባለው ሌላ የቪዲዮ ፕሮግራም በማክ ብቻ ነው የሚሠሩት። ለአንድ ሶፍትዌር ብሎ ኮምፒውተር መቀየር አልመክርም፤ በሁለቱም በኩል የሚበቃ ነገር አለ። ገንዘብ ካላችሁ ለግራፊክስ ካርድ አውጡት።

ስለ ጥቁር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የሚንቀሳቀስ ምስል ዓይንን በግድ ይስባል። ሰው እየሰማ የነበረውን ትቶ ያያል። ዘፋኝ አንድ ስንኝ በቀስታ ስታወርድ ከኋላዋ የሚሽከረከር ነገር ካለ ስንኙን ነው የምንቀማት። ለሙዚቃው የሚያስብ ቪዲዮ ሠሪ የሚለቅበትን ያህል የሚያጠፋበትንም ያውቃል። ስለዚህ ማንኛውንም ሶፍትዌር ስሞክር መጀመሪያ የማገናኘው የማጥፊያውን ፋደር፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተውን መቆጣጠሪያ፣ ነው። ቁልፍ አልፈልግም፤ ፋደር። ቁልፍ ስትጫኑ ምስሉ በተወሰነ ጊዜ፣ በል በ3 ሰከንድ ይጠፋል። የመጨረሻው ሲምባል ግን አንድ ቀን 4 ሰከንድ፣ ሌላ ቀን 9 ሰከንድ ይዘምራል። ድራመሩ በእጁ ያዝ አድርጎም ሊቆርጠው ይችላል። አውራ ጣቴ ፋደሩ ላይ ካለ ሲምባሉ እየሳሳ ሲሄድ አብሬው እወርዳለሁ። ከያዘውም አብሬው እቆርጣለሁ። ፋደሩ ወደ ታች ሲቃረብ ምስሉ ቀስ ብሎ እየጠፋ መሄድ አለበት፤ አንዳንድ ፕሮግራም ላይ መጨረሻው ላይ ድንገት ዘሎ ይጠቁራል። ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ያ ዝላይ ለሁሉም ይታያል። ይህን የሚያስተካክል ማስተካከያ አለው ወይ ብላችሁ ፈልጉ። ከመቶ ኢፌክት ይህን እመርጣለሁ።

ታዲያ እንዴት ይሞከር? ከላይ የጠራኋቸው የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች አብዛኞቹ መሞከሪያ ስሪት አላቸው። የሪዞሉም መሞከሪያ ምስሉ ላይ የራሱን ምልክት ያወጣል፤ ሌላው ሁሉ ግን ይሠራል። ብዙ ሰው መሞከሪያውን ከፍቶ ኢፌክቶቹን አንድ በአንድ ያያል። ያንን ተዉት። ሦስት ንብርብር ክሊፕ አስጀምራችሁ ሁለት ሰዓት ሙሉ ክፍት አድርጋችሁ ተዉት፤ ስትመለሱ ፍጥነቱ ወርዶ እንደሆነ እዩ። እየተጫወተ የፕሮጀክተሩን ኬብል ንቀሉና መልሳችሁ ሰኩት። ምስሉ ራሱ ተመልሶ ይመጣል ወይስ ማውስ ይዛችሁ መፈለግ አለባችሁ? ፕሮግራሙን በግድ ዝጉትና እንደገና ክፈቱት፤ ምስል እስኪወጣ ስንት ሰከንድ ፈጀ? ባንድ በ30 ሰከንድ ውስጥ አንድ ቀልድ ሊናገር ይችላል፤ በ3 ደቂቃ ግን ሕዝቡ ይበተናል።

ከዚያ የምታውቁትን የላይቭ ቅጂ ተዉና ሰምታችሁት የማታውቁትን አጫውቱ። ላፕቶፑን ወደ ጎን አዙሩት። ስክሪኑን ሳታዩ፣ በሚዲ መቆጣጠሪያው ብቻ፣ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ቅረጹትና በሚቀጥለው ቀን እዩት። ለውጦቹ ላይ የት ዘገያችሁ? እጃችሁ ስላልለመደ ነው ወይስ ፕሮግራሙ ያንን ነገር ለማድረግ ሦስት ቦታ ስላስነካችሁ? የመጀመሪያው በልምምድ ይስተካከላል። ሁለተኛው አይስተካከልም፤ ያንን ፕሮግራም ዝጉትና ወደሚቀጥለው እለፉ።

ከመረጣችሁ በኋላ ደግሞ ስሪቱን አትነካኩት። የጫናችሁበትን ፋይል ከነክሊፖቹ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ ላፕቶፕ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ያው ስሪት መልሶ መጫን አለበት። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አፕዴት አጥፉት። አዲስ ስሪት ወጣ ብሎ መልእክት ይመጣል፤ ጥሩ ነገርም ጨምሮ ይሆናል። መሞከሪያው ጊዜ ግን በሁለት መድረኮች መካከል ያለው ባዶ ሳምንት ነው።